«ወድቄ ነው»

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ቡናውም ገና አልፈላም።

ጤና ኬላ ነው። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ትገባለች፤ ግንባሯ ላይ ሰንበር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ምን ሆነሽ ነው?» ትላታለች። «ወድቄ ነው።» እሺ፣ ወድቃ ነው። ሕፃኑ ተመዘነ፣ ተከተበ፤ ሁለቱም ዝም አሉ። የትኛው ቀበሌ ነው አትበሉኝ፤ የማይገኝበትን ብትጠይቁኝ ይቀለኛል።

ያ ዝምታ አንድ ጊዜ ተቆጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አስጠንቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ትዳር የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንግዲህ ስንቷ «ወድቃለች»?

ሠራተኛዋ ለምን ዝም አለች? የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ያ ባል ሲያገኛት ሰላም የሚላት ጎረቤቷ ነው። ደግሞስ ከጠየቀች በኋላ ምን ታድርግ? ስለ ጥቃት የምትወስደው ሥልጠና የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥያቄው አማት በሌለችበት፣ በር ተዘግቶ ይሁን። የነገረችሽን እመኛት፤ «ምን አድርገሽው ነው?» አትበያት። ሌሊት ባሏ ቢነሳባት የማን ቤት እንደምትሮጥ አብረሽ አስቢ።

ባልና ሚስት የሚያስታርቁት የሰፈር ሽማግሌዎችም ለሥልጠና ተጠርተዋል። አንዱ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እኛ ቤት አቆምን እንጂ አላፈረስንም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቤቱስ ቆሟል። በማን ጀርባ ላይ እንደቆመ ግን የጠየቃቸው አልነበረም። በትዳር ውስጥ ድብደባ ወንጀል መሆኑ በ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 564 ላይ ሰፍሯል፤ ዕርቅ ዳኝነትን አይተካም ሲባሉ አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሰሙት።

ጉራጌ ዞን ደግሞ ሌላ መላ ተሞከረ። በ64 መንደሮች በተካሄደ ጥናት፣ ሰው በቡና ዙሪያ ለ14 ጊዜ እየተሰበሰበ ስለ ትዳር እንዲነጋገር ተደረገ። በአንዳንዱ መንደር ወንዶቹ፣ በሌላው ሴቶቹ፣ በሌላው ደግሞ ባልና ሚስቶቹ አንድ ላይ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እኔን አስገረመኝ፤ ወንዶቹ በተሰበሰቡባቸው መንደሮች ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ለካ እስካሁን ስንመክር የኖርነው ተመቺዋን ኖሯል!

አሁን ወደ ኬላው እንመለስ። ሠራተኛዋ ከሥልጠና መጥታለች። ያቺ እናት ለቀጣዩ ክትባት ስትገባ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና፣ ዝቅ ብላ፣ «ያን ዕለት ወድቀሽ ነበር?» አለቻት።

እናቲቱ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደች። ጭኗ ላይ አስተኛችው። ቆየት ብላ ጠየቀቻት፦

«ለማን ትነግሪብኛለሽ?»