የኬዝዊክ መንገድ እንዴት ተከፈተ?

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴርዌንትዋተር በተባለ ሐይቅ ዳር፣ ኬዝዊክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከጀርባዋ 931 ሜትር ከፍታ ያለው የስኪዶ ተራራ ቆሟል። ተራራ መውጣት የሚወድ፣ በገመድ ገደል የሚወጣ፣ በሐይቁ ላይ ታንኳ መቅዘፍ የሚያምረው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ውበቱ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። መንገዱን ያስከፈቱት ግን ሰዎች ናቸው።

ኬዝዊክ ቀድሞ ስሟ የሚነሳው በእርሳስ ነበር። በአቅራቢያዋ ካለው የቦሮዴል ሸለቆ የሚወጣው ግራፋይት ለእርሳስ ሥራ ተመራጭ ነበርና። በ1865 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባቡር ሲገባላት የእንግዳው ቁጥር ጨመረ። ባለመሬቶቹ ግን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚመላለስባቸውን አንዳንድ መንገዶች ዘጉ። ከከተማዋ አፋፍ ወዳለው ወደ ላትሪግ ኮረብታ የሚወስደውም ከተዘጉት አንዱ ነበር።

የከተማዋ ሰዎች የእግረኛ መንገድ አስከባሪ ማኅበር አቋቋሙ። አቤቱታው መፍትሔ ሲያጣ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንቅፋቱን አልፎ ላትሪግ ጫፍ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1888 በስምምነት ሲቋጭ፣ ወደ ጫፉ የሚወጣው ዋና መንገድ የሕዝብ መሆኑ ታወቀ። ባለመሬቶቹም የቀረውን ይዘው ቀሩ። ሁለቱም ወገን የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም።

የማኅበሩ መሪ ቄስ ሃርድዊክ ራውንስሊ ከዚህ አንድ ትምህርት ወሰዱ። የመተላለፊያ መብት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ክርክሩ እንደገና ይነሳል። በ1895 ከኦክታቪያ ሂልና ከሮበርት ሀንተር ጋር ናሽናል ትረስትን መሠረቱ። ዓላማው ውብና ታሪካዊ ቦታዎችን በሕዝብ ስም መያዝ ነበር። በኋላም በዴርዌንትዋተር ዳር ያለው ብራንደልሃው ደን ለሽያጭ ሲቀርብ 6,500 ፓውንድ ተጠየቀ። ገንዘቡ በጥቂት ወራት መዋጮ ተሰበሰበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ሐይቁን አይተው ከማያውቁ የፋብሪካ ሠራተኞች ሳይቀር ሳንቲም መጣ።

አካባቢው በ1951 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2017 ደግሞ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። ሀብታሞች ለዕረፍት ብቻ የሚገዙት ቤት ዋጋውን ስላናረው፣ የአገሬው ልጅ በተወለደበት መኖር እየከበደው ነው። መንገዱን ያስከፈተ ሕዝብ ልጅ ቤት ሲያጣ፣ ድሉ ግማሽ ነው።

ቢሆንም ስሌቱ ግልጽ ነው። ላትሪግ ተዘግቶ ቢቀር የሚጠቀመው አንድ ርስት ነበር። በመከፈቱ ግን ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ አስጎብኚው፣ ጀልባ አከራዩ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራ በልቶበታል። የሐይቅ ዳር አጥር ሲቆም መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ከውስጥ ስንት ሰው ቀረ? ከውጭስ ስንት?