“ፍሬም” ወይስ “መቃን”?

“ፍሬም” ስንል ቀድሞ የሚታወሰን ሳሎን የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ወይም መነጽር ነው። በድረ ገጽ ሥራ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይሰይማል፤ አንድ ገጽ ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ የተለያየ ሰነድ የሚታይበትን መስኮት።

ኢታንግ ባሮ ዳር ካለ ቤት ገብተው በበሩ በኩል ወንዙን ይመልከቱ። መቃኑ ንቅንቅ አይልም፤ በመካከሉ የሚታየው ውሃ ግን ያው ሆኖ አይቆይም። የድረ ገጽ ፍሬምም እንዲሁ ነው፤ በግራ ያለው ማውጫ ባለበት ይቆማል፣ በቀኝ ያለው ጽሑፍ ይቀያየራል።

አሠራሩን ያስተዋወቀው የድረ ገጽ ማሰሻው ኔትስኬፕ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ኤችቲኤምኤል 4፣ በደንቡ አካተተው። ችግሩ ወዲያው ታየ። የአድራሻው መስመር የሚያሳየው የጠቅላላውን ገጽ አድራሻ ስለነበር፣ የሚያነቡትን ክፍል ብቻ ለወዳጅ መላክ ያስቸግር ነበር። በጠባብ የስልክ ስክሪንም ክፍሎቹ ይጨናነቃሉ። በዚህም ምክንያት ኤችቲኤምኤል 5 ገጹን በፍሬም የሚከፋፍለውን “ፍሬምሴት” ከደንቡ አስወጣው። ዛሬ ገጽ የሚደለደለው የገጽ መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ በሲኤስኤስ፣ ነው፤ ካርታና ቪዲዮ ከሌላ ድረ ገጽ ለማስገባት የሚያገለግለው “አይፍሬም” ግን አለ።

የድረ ገጹን ፍሬም “ክፈፍ” የሚሉም አሉ። ክፈፍ ግን ጠርዝ ነው፤ ዙሪያውን እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን አያስታውስም። መቃን በር አለው፣ በበሩም የሚታይ ነገር አለ። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለፎቶው ፍሬም፣ ለጠርዙ ክፈፍ፣ ለድረ ገጹ መቃን ይባል።