ባሕር በደቂቃ

ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አራዳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከአንድ ሥጋ ቤት ጀርባ፣ በ14 ኢንች ቴሌቪዥን። ጊዜው የ1992 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ክፍሏ መስኮት የላትም። በሯ ላይ የተንጠለጠለውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርገህ ስትገባ የእርጥብ ካልሲ ሽታ ይቀበልሃል። ሁለት ፕሌስቴሽን፣ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንድ የቻይና ሰዓት። ከዕቃው ሁሉ የሚከበረው ሰዓቱ ነበር፤ ቤቱ የሚሸጠው ጊዜ ነዋ! አሥር ደቂቃ በ50 ሳንቲም።

ታላላቆቻችን ከኳስ ጨዋታ ሌላ አይነኩም፤ የኳሱ ወረፋ ደጅ ድረስ ይደርሳል። እኔና ጓደኛዬ ወረፋ የሌላትን ሲዲ መረጥን፣ ምርጫ ከተባለ። ኮፒ ስለሆነች ሥዕል የላትም፤ በእስክሪብቶ «መርከብ» ተብሎ ተጽፎባታል። እውነተኛ ስሟን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፦ «ኢን ዘ ሀንት»። ጃፓኖቹ «ካይቴይ ዳይሴንሶ» ይሏታል፣ የባሕር ወለል ታላቅ ጦርነት እንደ ማለት። የሠራት አይረም የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው። መጀመሪያ የወጣችውም እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሳንቲም እየዋጠ ለሚያጫውተው ቁም ሳጥን መሳይ ማሽን ነበር። ፕሌስቴሽን ላይ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዶሮ ማነቂያ ለመድረስ ደግሞ የራሷን ጊዜ ወስዳለች።

ሰርጓጅ መርከባችን ከግራ ወደ ቀኝ ትጓዛለች። አንደኛው ቁልፍ ቶርፒዶ ወደ ፊት ይለቃል፤ ሌላው ከላይና ከታች ያለውን ጠላት ይመታል። ውኃው ላይ ብቅ ስትል ሄሊኮፕተር ይጠብቅሃል፤ ስትሰምጥ ፈንጂ። በአንደኛው ምዕራፍ ውኃ በዋጠው ከተማ መካከል ታልፋለህ፤ ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ሁሉም ከባሕር በታች ነው። እዚያ ስንደርስ ጓደኛዬ መተኮሱን ትቶ ያያል፤ እሞትበታለሁ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ እያንዳንዱ ፍንዳታ የሰው እጅ በነጥብ በነጥብ የለቀመው ነው። እነዚሁ ሠሪዎች ከአይረም ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1996 «ሜታል ስለግ» የሚባለውን ጨዋታ እንደሠሩ ሳውቅ አልገረመኝም፤ ጭሱ ያው ጭስ ነው።

ጨዋታዋ አንድ አመል ነበራት። ፍንዳታ ሲበዛባት ትንቀራፈፋለች፤ ቶርፒዶው ማር ውስጥ እንደ ገባ ዝንብ ይሆናል። ሌላ አገር ያሉ ተጫዋቾች በዚህ ሲያማርሩ አንብቤአለሁ። የእኛ ምሬት ግን ሌላ ነበር፦ እሷ ስትንቀራፈፍ የግድግዳው ሰዓት አብሯት አይንቀራፈፍም። ሳንቲም በሚበላው ማሽን ጎበዝ በአንድ ሳንቲም ብዙ ይቆያል፤ በእኛ ቤት ጎበዝም ሰነፍም እኩል አሥር ደቂቃ ነው።

ስለ ሳንቲም ካነሳን፣ ሰርጓጅ መርከብና የጨዋታ ቤት የቆየ ዝምድና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሴጋ «ፔሪስኮፕ» የምትባል ማሽን አወጣ። ቴሌቪዥን የላትም፤ ተጫዋቹ በፔሪስኮፕ እያየ በሰንሰለት የሚጎተቱ መርከቦችን ይመታል። አሜሪካ ውስጥ አንድን ጨዋታ በ25 ሳንቲም ማስከፈልን ያስለመደች እሷ ናት ይባላል።

ዝናብ ሲጥል ብርድ ልብሱን ገልጠው የሚገቡ አንድ ሰው ነበሩ፤ የጎረቤት ሱቅ ዘበኛ። ጋሽ ባሕር ኃይል ነበር የምንላቸው፤ በደርግ ጊዜ ምጽዋ አገልግለዋል። አይከፍሉም፣ አይጫወቱም፤ ካፖርታቸውን እያራገፉ ያያሉ። አንድ ቀን መርከባችን ብቅ ብላ ሄሊኮፕተር ስትመታ ከት ብለው ሳቁ። «አይ ልጄ! ሰርጓጅ ብቅ ካለች አለቀላት።» እርስዎ ሰርጓጅ ላይ ነበሩ ወይ አልኳቸው። «እኛ? እኛማ ከላይ ነን።»

ልክ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ኖሮት አያውቅም። በ1940ዎቹ ሲቋቋም ጀምሮ የነበሩት የውኃ ላይ መርከቦች ናቸው። ዋናዋ ራሷ «ኢትዮጵያ» የምትባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» በሚል ስም የአሜሪካን የባሕር አውሮፕላኖች ስትረዳ የኖረች፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተሰጠች መርከብ ነበረች። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ግንቦት 1985፣ ኤርትራ ነፃነቷን አወጀች፤ ኢትዮጵያም ወደብ አልባ ሆነች። ጃፓን ውስጥ የኛ ሲዲ እናት ማሽን የወጣችበትም ዓመት ያው ነው። ከዚህ ምሥጢር ልፈልግ አልሞክርም፤ ግን ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ላይ ተቀምጠን በደቂቃ የምንከራየው ባሕር እንደነበር ጋሽ ባሕር ኃይል ከእኛ ይልቅ ሳይገባቸው አይቀርም። የሚያዩት ቆመው ነበር።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሩቅ አገር መሸጥ ለአራዳ አዲስ አይደለም። ገበያው ገና ጊዮርጊስ ሥር ሳለ፣ ጣሊያን ወደ መርካቶ ሳያዛውረውና ሰፈሩን ፒያሳ ሳያሰኘው በፊት፣ በ1910ዎቹ ሲኒማ ተከፍቶ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎታል። ከዚያ እነ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ እነ ሲኒማ አምፒር መጡ። ከእነሱ ቀጥሎ የካራቴና የሕንድ ፊልም የሚያሳዩት ቪዲዮ ቤቶች፤ ከዚያ እኛ። አያቴ ጊዮርጊስ ተሳልማ ስትመለስ ብርድ ልብሱ ሥር ጫማዬን ካየች ማታ «ዛሬም ሰይጣን ቤት ዋልክ?» ትለኝ ነበር። የእሷ ስድብ ይመስለኝ ነበር፤ ታሪክ መሆኑን የደረስኩበት ዘግይቼ ነው።

«መርከብ»ን ጨርሰናት አናውቅም። የመጨረሻው ቀን የጠላት ሰፈር ደርሰን፣ ሦስት ደቂቃ ቀርቶን መብራት ሄደ። የቤቱ ሕግ ከአምስት ደቂቃ በታች የቀረው ተቃጠለ ይላል። ትምህርት ተከፈተ፤ ስንመለስ ሲዲዋ ተጭራ አትሠራም።

በመጋቢት 2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሥጋ ቤቱን ፍለጋ ሄጄ ነበር። ቦታውን በግምት እንኳ መለየት አልቻልኩም። ማታ ቤቴ ገብቼ ጨዋታዋን ሰው ሲጨርሳት የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሁለት ሆናችሁ እስከ መጨረሻው ከዘለቃችሁ ለካ ድሉ ለሁለት አይበቃም፤ ሁለቱ መርከቦች እርስ በርስ ይዋጋሉ። ደንቨር ለሚኖረው ጓደኛዬ ደወልኩና ነገርኩት።

ዝም አለ። «እንኳን መብራት ሄደ» አለ ቀጥሎ። «ግን የዚያን ቀኑን 50 ሳንቲም የከፈልኩት እኔ ነኝ።»

አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።