ሁለት ጓደኛሞችን ያጣላ ዳማ ፈረስ

ፈረስ የምታዩት ጋሪ ሲጎትት ብቻ ከሆነ (የብዙዎቻችን የከተማ ልጆች ዕጣ ይኸው ነው) ቀለሙን ልብ ብላችሁት አታውቁ ይሆናል። “ቡናማ ፈረስ” ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ፈረስ አዋቂ ባላገር ፊት እንዲህ ብትሉ ግን ፈገግ ይልባችኋል። ቡናማው “ዳማ” የሚባል ስም አለው፤ ነጩ “አምባላይ” ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ደግሞ “ቦቃ” ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ በዳማ ፈረስ ሰበብ የመጨረሻ ጠባቸውን ስለተጣሉ ሁለት እንግሊዛውያን ነው። እንዲያው የዋዛ ጠብ እንዳይመስላችሁ! አንደኛው የፈረስ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ሞቷል፤ ጄኔቲክስ የሚባለው ሳይንስም ገና ስም በወጣለት ሰሞን ክፉኛ ተፈትኗል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ጠቡ ከመግባታችን በፊት ዳማውን ለሁለት መክፈል ይኖርብናል። የእኛ ዳማ ሰፊ ነው፤ ቀላ ያለውን ፈረስ ሁሉ ያቅፋል። እንግሊዞች ግን መጀመሪያ የሚያዩት ጋማና ጭራውን ነው። ገላው ቀይ ሆኖ ጋማው፣ ጭራውና የእግሩ ታችኛው ክፍል ጥቁር ከሆነ “ቤይ” ይሉታል። ጋማውም ጭራውም እንደ ገላው የቀላ ወይም ከገላው ፈዘዝ ያለ ከሆነና ጥቁር ነገር ከሌለበት ደግሞ “ቼስነት” ነው። ለእኛ ወግ እንዲቀለን የመጀመሪያውን “ጋመ ጥቁር”፣ ሁለተኛውን “ጋመ ቀይ” እንበላቸው። ይቺን ልዩነት ያዙልን፤ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው እሷ ላይ ነው።

እንግዲህ ዘመኑ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ያሳተመው የአተር ሙከራ ከተረሳበት የተነሣው በ1900 ነበር። ሜንዴል ያለው ባጭሩ ይህ ነው፤ ለአንድ ባሕርይ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ይወረሳል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሲሆኑ አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ይደበቃል። የተደበቀው ግን አልጠፋም፤ አንድ ትውልድ ዘልሎ እንዳለ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ሐሳብ እንደ ወንጌል ተቀብሎ የሰበከው የካምብሪጁ ዊልያም ቤትሰን ነው። “ጄኔቲክስ” የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ተቃዋሚው ደግሞ የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ራፋኤል ዌልደን ነበር። ሁለቱ የማይተዋወቁ ባላንጣዎች ቢሆኑ ኖሮ ታሪኩ ይሄን ያህል ባልመረረ! በካምብሪጅ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ አብረው የተማሩ፣ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ዌልደን በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ ወጣቱን ቤትሰንን ወደ ምርምር የገፋውም እሱ ነው።

ዌልደን ቁጥር ወዳድ ነው። ሸርጣን በብዛት እየለካ ልዩነታቸውን በሒሳብ ሲመረምር የኖረ፣ ከካርል ፒርሰንና ከፍራንሲስ ጋልተን ጋር በ1901 ባዮሜትሪካ የተባለውን መጽሔት ያቋቋመ ሰው ነው። በሜንዴል ላይ ያነሣው ቅሬታ ቀላል ይመስላል። ሜንዴል “አተሩ ወይ ቢጫ ነው፣ ወይ አረንጓዴ” ይላል። ዌልደን አተሮቹን ሰብስቦ ቢደረድራቸው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ የሚሸጋገሩ፣ መካከል ላይ የሚዋልሉ ሆነው አገኛቸው፤ በ1902 ፎቷቸውን ከነቀለማቸው አሳትሞ አሳየ። “ቢጫ” የምትሏት ቃል ስንቱን እንደምትሸፍን እዩ ማለቱ ነው። ቤትሰን የዚያኑ ዓመት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ መለሰለት፤ የመጽሐፉ ቃና የጓደኛ አልነበረም። በ1904 ካምብሪጅ ላይ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

ፈረሱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቻርልስ ሁርስት የሚባል ኦርኪድ አርቢ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አይደለም፤ የቤትሰን ደጋፊ ግን ነው። ይህ ሰው ከ1791 ጀምሮ የታተመውን የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ፈረሶች የትውልድ መዝገብ አወጣና ቀለም ይቆጥር ጀመር። መዝገቡ ባዝራይቱን፣ ድንጉላውንና የውርንጭላውን ቀለም ይዘረዝራል። ማንም አተር ሳይዘራ፣ ጥንቸል ሳያረባ የመቶ ዓመት ሙከራ ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ነው! ሁርስት ያገኘው ውጤት እንደ ሜንዴል አተር የጠራ ነበር። ጋመ ቀይ ተደባቂ ነው፤ ጋመ ጥቁር ከጋመ ጥቁር ተዳቅሎ ጋመ ቀይ ሊወልድ ይችላል፤ ጋመ ቀይ ከጋመ ቀይ ግን ጋመ ቀይ እንጂ ሌላ አይወልድም። ከሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ውርንጭሎችን ቆጥሮ ከሕጉ ያፈነገጡት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ፤ እነሱን የመዝጋቢ ስህተት አላቸው።

ጽሑፉ ታኅሣሥ 1905 ለንደን በሮያል ሶሳይቲ ሲነበብ ዌልደን እዚያው ተቃወመ። እሱም መዝገቡን ያውቀዋል። “ከሁለት ጋመ ቀዮች የተወለዱ ጋመ ጥቁሮች አሉ” አለ፤ በሳምንታት ውስጥም የራሱን ጽሑፍ ይዞ ቀረበ። ቤትሰን እንኳ ለጊዜው ተደናግጦ የሁርስት ጽሑፍ ከመታተም እንዲዘገይ አድርጎ ነበር። ሁርስት ግን ፍንክች አላለም።

የጠቡ ፍሬ ነገር እነዚያ ጥቂት ውርንጭሎች ናቸው። ከሺህ ጥቂት ሕግ ሲያፈርሱ ምን ይደረጋል? የእነ ቤትሰን መልስ “ሕጉ ይቆያል፤ ስህተቱ የጸሐፊው ነው” የሚል ነው። ዌልደን ደግሞ “ከሐሳባችሁ ጋር የተስማማውን መዝገብ ስታምኑ፣ ያልተስማማውን ብቻ እየመረጣችሁ ስህተት ልትሉት አትችሉም” ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ባለው መረጃ ብንጠየቅ ኖሮ ብዙዎቻችን ከዌልደን ጎን እንቆም ነበር ብለን እንጠረጥራለን።

ከዚያ በኋላ ዌልደን ሌላ ሥራ አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዕረፍት ወደ ሮም ሲሄድ እንኳ የፈረስ መዝገቦቹን ይዞ ነው። ቀን ከሌሊት ዘር ማንዘራቸውን ሲቆጥር ከረመ። ሚያዝያ 1906 በጉንፋን ጀምሮት ሳንባ ምች ሆነበትና ሞተ፤ ገና 46 ዓመቱ ነበር። በዘር ውርስ ላይ የጀመረው ትልቅ መጽሐፍም ሳይታተም ቀረ። ቤትሰን ያዘነው ለቀድሞው ጓደኛው ነው፤ ክርክሩ ግን ባለቤት አልባ ሆነ። ሜዳው ለሜንዴል ሰዎች ተለቀቀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። አላባማ ውስጥ በአባቱ እርሻ ያደገ አልፍሬድ ስተርተቫንት የሚባል ልጅ ነበር፤ የቤቱን ፈረሶች ትውልድ መመዝገብ ትርፍ ሥራው ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሜንዴል ሲያነብ ያን የፈረስ ነገር በአዲስ ዓይን አየውና ጻፈው። ቶማስ ሞርጋን የተባለው መምህሩ አበረታታውና ጽሑፉ በ1910 ታተመ፤ ልጁንም ዝንብ የሚረባበት ቤተ ሙከራው ውስጥ አስገባው። በ1911 ስተርተቫንት የቤት ሥራውን ትቶ ባደረ አንድ ሌሊት የዓለምን የመጀመሪያ የጂን ካርታ ሠራ። በነገራችን ላይ ይህ በፈረስ ቀለም የጀመረ ሰው ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል ነበር!

ታዲያ በመጨረሻ ማን ረታ? መልሱ 90 ዓመት ጠበቀ። በ1996 የስዊድን ተመራማሪዎች ጋመ ቀይ የሚያደርገውን ጂን አገኙ። ጠጉር የሚቀባው ሕዋስ ሁለት ቀለም ይሠራል፤ ጥቁርና ቀይ። ሕዋሱ ላይ ጥቁሩን የሚያስጀምር ማብሪያ አለ እንበል። ጋመ ቀይ ፈረስ ከአባቱም ከእናቱም የወረሰው ማብሪያ በአንዲት ፊደል ግድፈት የተበላሸ ነው። ስለዚህ ጠጉሩ ላይ ጥቁር ቀለም መሥራት አይችልም፤ ቀይ ብቻ። ሁለት እንዲህ ያሉ ፈረሶች ቢዳቀሉ ጤነኛ ማብሪያ ከየት ይመጣል? አይመጣም። ሁርስት ልክ ነበር። በ2001 ደግሞ ጥቁሩን ቀለም ወደ ጋማ፣ ጭራና እግር የሚገፋው ሌላኛው ጂን ታወቀ፤ እሱ ሲበላሽ ፈረሱ መላ አካሉ ጥቁር ይሆናል።

ግን ዌልደንን ለመቅበር አንቸኩል። “ቃሉ ስንቱን ይሸፍናል?” የሚለው ጥያቄው የፈረስ በረት ውስጥ ዛሬም ሕያው ነው። አምባላዩን ውሰዱ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚጋልበው ነጭ ፈረስ በገሃዱ ዓለም ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ አልተወለደም። ጥቁር፣ ዳማ ወይም ጋመ ቀይ ሆኖ ይወለዳል፤ በዓመታት ግራጫ፣ ቀጥሎ ነጭ ይሆናል። ቆዳው ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ አፍንጫውን አይታችሁ ትለዩታላችሁ። ውርንጭላ ሳለ “ጋመ ቀይ” ብሎ የመዘገበው ጸሐፊ ያየውን ነው የጻፈው፤ ፈረሱ ነው የተለወጠበት። በ2008 እንደታወቀው ምክንያቱ አንዲት የጂን ቁራጭ ሁለት ጊዜ መጻፏ ነው፤ ሦስት ጊዜ ስትጻፍ ሽበቱ እንደሚፈጥን በ2024 ተደርሶበታል። ይኸው ነገር ዕዳም አለው፤ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ እንዲህ ያሉ ፈረሶች ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆኑት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ዕጢ ይወጣባቸዋል።

(ስም ስንል የእኛም ነገር ትዝ አለን። የቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ፣ የምኒልክ ዳኘው ነው፤ ጌቶቹም “አባ ታጠቅ”፣ “አባ ዳኘው” ተብለው በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ግን ስሙ ቀለሙን አይነግረንም።)

የዌልደንን ወገን የያዘ የታሪክ ሰውም አልጠፋም። ግሬጎሪ ራዲክ በ2023 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዌልደን ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ የጄኔቲክስ ትምህርት ዛሬ ከምንማረው የተለየ ሊሆን ይችል ነበር ይላል፤ “አንድ ጂን፣ አንድ ባሕርይ” ብሎ ከመጀመር ይልቅ ጂኑ ያለበትን አካባቢና አብረውት ያሉትን ሌሎች ጂኖች አስቀድሞ የሚያይ። ሐሳቡ ደስ ይለናል። ሆኖም የጋመ ቀይ ነገር ለዚህ ክርክር መጥፎ ምሳሌ ነው፤ ዌልደን በዕድሜው መጨረሻ የመረጠው የጦር ሜዳ ሜንዴል ከማንም በላይ የሚረታበት ሜዳ ነበር።

ቀለም መለየት የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነበት ቦታም አለ። አሜሪካ ውስጥ ጎናቸው ላይ በነጭ የተዥጎረጎሩ፣ ለዓይን የሚያምሩ ፈረሶች አሉ፤ “ፍሬም” ይባላሉ። አንድ ፍሬም ከሌላ ፍሬም ከተዳቀለ ከአራት አንዱ ውርንጭላ ሙሉ ነጭ ሆኖ ይወለዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ አንጀቱን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ስለሌሉት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ጂኑ በ1998 ታውቋል። ችግሩ አንዳንዱ ፈረስ ጂኑን ተሸክሞ ገላው ላይ ምንም አለማሳየቱ ነው፤ ትንሽ ቦቃ ያለው ተራ ዳማ ይመስላል። ስለዚህ አርቢው በዓይኑ አይተማመንም። ከጋማው ወይም ከጭራው ጥቂት ጠጉር ነቅሎ በፖስታ ወደ ቤተ ሙከራ ይልካል። ጠጉሩ መነቀል አለበት፤ ምርመራው የሚሠራው ከሥሩ ነውና በመቀስ የተቆረጠ አይሆንም።