ግራጫው ፊልም

የብራና መጽሐፍ በማይክሮፊልም ያነበብሁ ዕለት የናፈቀኝ ቀዩ ቀለም ነው። ጸሐፊው በቀይ ያደመቀው የቅድስት ማርያም ስም ከሌላው ፊደል ጋር ግራጫ ሆኗል። ማማረር ግን ያሳፍራል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ሥራ፣ ደርግ መጥቶም አልቀረም፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመትተው ከተሽከርካሪ ወንበር ከዋሉ በኋላ፣ ባሕር ማዶ ሚኒሶታ ተቀምጠው የሸዋና የወሎ አድባራትን መጻሕፍት በፊልም እያነበቡ ዘረዘሩልን፤ (ምን ዓይነት ዓይን ቢኖራቸው ነው!) በወንጌሉ ኅዳግ የሰፈረውን የርስት ውል እንኳ አላለፉትም። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ቀዩን ይመልሳል፤ መጽሐፉ በዕቃ ቤቱ ካለ። ከዚያ ወዲህ ለተሰረቀውና ለተቃጠለው ግን የቀረን ያው ግራጫው ፊልም ነው።