ለፖሊስ ያልተነገረ ወንጀል የት ይገባል?

ታክሲ ስትሳፈሩ ግፊያው መሃል ስልካችሁ ተሰረቀ እንበል። አጠገባችሁ ያለ ሰው ምን እንደሚል ይታወቃል፦ «ተወው ባክህ፣ ከሄደ ሄደ!» ሲሙን ታዘጋላችሁ፣ ሌላ ስልክ ፍለጋ ትገባላችሁ፣ በቃ። እናንተ ተሰርቃችኋል። በፖሊስ መዝገብ ላይ ግን ምንም አልተፈጸመም።

ባለሙያዎች እንዲህ ሳይቆጠር የሚቀረውን «ጨለማው የወንጀል ቁጥር» ይሉታል። አንድ ወንጀል በፖሊስ ቁጥር ውስጥ እንዲገባ ሁለት በር ማለፍ አለበት።

👉 አንደኛው በር፦ ተጎጂው መናገር አለበት

አሜሪካ ውስጥ ኤፍቢአይ ከፖሊስ የሚመጣውን የወንጀል ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ይሰበስባል። ይሄ ብቻውን ስላልበቃ በ1970ዎቹ ሌላ ጥናት ተጀመረ። ጠያቂዎች ራሱን ሕዝቡን «ባለፉት 6 ወራት ወንጀል ደርሶባችኋል?» ይላሉ። በቅርብ ዓመታት በተገኘው መልስ፣ ከኃይል ጥቃቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለፖሊስ አልተነገሩም።

እኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 23 በመቶዎቹ አካላዊ፣ 10 በመቶዎቹ ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ እርዳታ የፈለጉት ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። እነሱም በብዛት የሄዱት ጎረቤትና ቤተሰብ ጋ ነው።

👉 ሁለተኛው በር፦ ፖሊስ መመዝገብ አለበት

እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝና ዌልስ የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገቦችን አገላብጦ ነበር። ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶ ያህሉ አልተመዘገቡም። ከወሲባዊ ጥቃቶች ደግሞ 26 በመቶው። እነዚህ ሰዎች ሄደው ተናግረዋል፣ ቁጥሩ ውስጥ ግን የሉም።

ስለዚህ «ወንጀል ቀነሰ» የሚል ዜና ስታዩ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቀነሰው ወንጀሉ ነው ወይስ አቤት ባዩ? «ጨመረ» ሲባልም እንደዚያው። አንዳንዴ የጨመረው ወንጀሉ ሳይሆን ደፍሮ የሚናገረው ሰው ነው።

👉 ተጎጂ ስትሆኑ ሕጉ ምን ይላል?

• በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት አቤቱታችሁ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ተነቦላችሁ ቀን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ሳይጻፍ «ስልክህን ተውልን፣ እንደውላለን» ከተባላችሁ ገና አልተመዘገባችሁም።

• እንደ ስም ማጥፋት ያሉ አንዳንድ ወንጀሎች ተጎጂው አቤት ካላለ ክስ አይመሠረትባቸውም። ጊዜውም 3 ወር ነው፤ የሚቆጠረው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ነው።

• በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለደረሰባችሁ ጉዳት ካሳ እንድትጠይቁ ይፈቅዳል። ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አያይዞ ማቅረብም ይቻላል።

አሁኑኑ ደግሞ ስልካችሁ ላይ *#06# ደውሉ። የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የስልካችሁ መለያ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። ስልኩ ከጠፋ ጣቢያ ይዛችሁ የምትሄዱት እሱን ነው።