ኬላ፣ ነጋዴና እንግዳ፤ የጎጀብ ዳርና ዳር ቃላት

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ካፋ ደን ይወጣል። ወንዙ ዛሬ ኦሮሚያንና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን ያዋስናል። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ግን የሁለት መንግሥታት ወሰን ነበር፤ በአንዱ ዳር ታቶ የሚባለው የካፋ ንጉሥ፣ በሌላው ዳር የጅማው አባ ጅፋር። ሁለቱ አገሮች ተዋግተዋል፣ ተጋብተዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳያቋርጡ ተገበያይተዋል። የዘመቻውን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። የጉርብትናውን ታሪክ በተመለከተ ግን ዛሬም በየቀኑ የምንናገራቸው ቃላት ከመጻሕፍቱ ያላነሰ ምስክርነት አላቸው።

ቀድሞ የሚነሣው ኬላ ነው። ዛሬ ኬላ ሲባል በመንገድ ላይ የተወጠረ ገመድ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ ፖሊስ፣ ጭነት የሚፈትሽ የጉምሩክ ሠራተኛ ይታየናል። ጅማን ጨምሮ በጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት ግን ኬላ የአንድ ሙሉ የድንበር ሥርዓት አካል ነበር። በሁለት አገሮች መካከል ማንም የማያርሰው፣ ማንም ጎጆ የማይቀልስበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ ሞጋ ይሉታል፤ ዳር፣ ጠርዝ ማለት ነው። ከሞጋው ወዲህ ጉድጓድና አጥር፣ በአጥሩ መካከል መንገዱ የሚያልፍበት በር፣ በበሩ ላይ ደግሞ አባ ኬላ የሚባለው ጠባቂ አለ። ካፋም ወሰኑን በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር አስከብሮ፣ በሩን ኬሎ ይለው ነበር። መንገደኛ እበሩ ላይ ይቆማል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደያዘ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል፤ ወሬው ወደ ቤተ መንግሥት ይላካል፤ ፈቃዱ ሲመጣ ከፍሎ ይገባል።

መዝገበ ቃላት የሚወድ ሰው ኬላን ከግዕዙ ከልአ ጋር ለማጋባት ይቸኩላል። ከልአ ከለከለ፣ አገደ ማለት ስለሆነ ድምፁም ትርጉሙም ያማልላል። እኔ ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያጸናም ባይ ነኝ። ቃሉ በኦሮምኛ ኬላ፣ በካፋዎች ቋንቋ በካፊ ኖኖ ኬሎ፣ በአማርኛም ኬላ ነው፤ ካፊ ኖኖ ቡናን ቡኖ እንደሚለው ሁሉ፣ እዚህም መጨረሻውን በራሱ ወግ ገርቶታል። ሥርዓቱ በእጅጉ የጎለበተውም በጊቤና በጎጀብ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከሥርዓቱ ጋር ከበር ወደ በር ተጉዟል የሚለው ግምት ከአንድ የግዕዝ ግሥ ይልቅ ያሳምነኛል። ደግሞም የክልከላ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ የኋላ ዕድሉ እንዲህ ባልሆነ ነበር። ዛሬ ካፋ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ለክትባት የምትሄደው ወደ ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር የቀበሌው ትንሽ የሕክምና ቤት በዚህ ስም ተጠራ፤ ማንንም ሊያግድ ሳይሆን ሰው ሁሉ እንዲገባበት።

በኬላው የሚያልፈው ነጋዴ ነበር፤ የእሱ ስም ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የበለጸገ ታሪክ አለው። በግዕዝ ነገደ ማለት መጀመሪያ ተጓዘ ነው፤ ሸጠ፣ ለወጠ የሚለው በላዩ የመጣ ነው። ከዚሁ ግሥ እንግዳ ተወለደ። ቤተ ክርስቲያን ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚደረገውን ጉዞ ንግደት የምትለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ነጋዴው፣ ተሳላሚውና ቤታችን የሚያድረው እንግዳ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሦስቱም አገራቸውን ትተው በሰው አገር መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱንም ማሳደርና መጠበቅ የአስተናጋጁ ዕዳ ነው። የካፋና የጅማ ነገሥታት ነጋዴውን በኬላ አስቁመው ሲመረምሩት፣ ካስገቡት በኋላ ግን ደኅንነቱን ሲጠብቁለት፣ የቃሉን ሁለት ፊቶች፣ መንገደኛነትንና እንግድነትን፣ በሥራ መግለጻቸው ነበር።

ካፋ ላይ ነጋዴ የሚለው ቃል አንድ ተጨማሪ እርምጃ ሄዷል። ከሰሜን የመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች በጎንደርና በጎጃም ባሶ፣ በሊሙ ሰቃና በጅማ ሂርማታ ገበያዎች አልፈው ቦንጋ ይደርሳሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። የካፋ ሰውም ናጋዶ አላቸው። ናጋዶ ቀስ በቀስ የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ማኅበረሰብ ስም ሆነ፤ አባቱ ነጋዴ የነበረ ገበሬም ናጋዶ ነው። አማርኛ ራሱ ወገንን፣ ዘርን ነገድ እንደሚል እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

እነዚህ ሰዎች የሚያመጡት ዋና ነገር አሞሌ ነበር። አሞሌ በአፋር ምድር ካለው የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣ፣ እንዳይሰበር በልጥ የሚታሰር፣ በግመልና በበቅሎ የሚጓዝ የጨው ጡብ ነው፤ ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይንር ነበር። ቦንጋ ሲደርስ ከጨው ሜዳው ብዙ ወር ርቋል፤ እዚያ ገንዘብም ቅመምም ነበር። አሞሌ የተሰበረ እንደሆነ እንደ ገንዘብ ዋጋው ይወርድ ነበር፤ ቢሆንም ከወጥ ይገባል። በሄደበት እጅ ደግሞ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማርና ቡና ይመለስ ነበር።

ዝባድ ከጥርኝ ዕጢ በየጥቂት ቀኑ ተፍቆ የሚወጣ ሽታው የበረታ ቅባት ነው። ጥርኙ በጠባብ ጎጆው ውስጥ እንዳይዞር ተደርጎ ይያዛል፤ የተፋቀው በበሬ ቀንድ ተሞልቶ አፉ ይደፈናል። ቃሉ ከዐረብኛ ዘባድ ነው፤ ሸቀጡን ተከትሎ ሜዲትራኒያንን ተሻገረና በጣሊያንኛ ዚቤቶ፣ በእንግሊዝኛ ሲቬት ሆነ። አውሮፓ ውስጥ ሽቶ የቀባ ሰው የቦንጋን ስም ሳይሰማ የካፋን ደን ለብሶ ሄዷል።

በዚያው መንገድ፣ በዚያው ኬላ፣ ሰዎችም ተሸጠው አልፈዋል። ይህን ዘሎ ስለ ንግድ ቃላት መጻፍ ነውር ነው። ከጎጀብ ማዶ የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በሂርማታ ገበያ ከአሞሌውና ከቀንዱ ጎን ዋጋ ተቆርጦላቸዋል። የዚህኛው ንግድ ቃል ጉዞው የናጋዶ ተገላቢጦሽ ነው። በንጉሥ ዔዛና ዘመን የአክሱም ጽሑፍ ላይ ባርያ በሰሜን ይኖር የነበረ የአንድ ሕዝብ ስም ነው። በኋላ አማርኛ ያንን ስም የሚሸጥ ሰው መጠሪያ አደረገው። በአንድ በኩል ሥራ ወገን ሆነ፣ በሌላ በኩል ወገን ሸቀጥ ሆነ። ሕጉ ባርነትን በ1934 ዓ.ም. ቢሽረውም ቃሉ እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ሰው ያቆስላል።

በኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ነው፤ ከግዕዙ ቀረጸ፣ ቆረጠና ፈለፈለ፣ የሚዛመድ፤ ከጭነቱ የተቆረጠ ድርሻ ማለት ነው። ጉምሩክ ግን ከሩቅ መጥቷል፦ ከላቲኑ ኮሜርክዩም ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ቱርክ ጉምሩክ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ወደቦችና ወደ እኛ። በጅማ ቤተ መንግሥት የግምጃ ቤቱ ሹም አባ ሚዛን፣ የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች ራስ፣ ያው የመንገደኞች አለቃ ነው።

መልእክት የሚያመላልሱትም ነበሩ። የጊቤ ነገሥታት ልዑካን ለሚ ይባሉ ነበር። አማርኛ መልእክተኛ ይላል፤ ከግዕዙ ለአከ፣ ላከ፣ እሱም መልአክንም የወለደ ግሥ ነው። ከልዑክ ይልቅ የሚያስተማምነው ግን ጋብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1843 ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ ቦንጋ የገባው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው፤ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ለጋብቻ የጠየቃትን የካፋ ንጉሥ እህት ሊያመጡ ከተላኩት ጋር ተደርቦ። በኬላው ያለፈው አጃቢ ሠራዊት ነበር፤ ነገር ግን ሙሽራ ሊያመጣ ስለመጣ ጦር አልተባለም። አማት፣ አማች የምንላቸው ቃላት ከግዕዝ ሐማትና ሐም የመጡ ናቸው፤ በዚያ ዘመን እንደ ውል ሰነድ ያገለግሉ ነበር።

ውል ሲደረስ ተስማሙ እንላለን፤ ሰማ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ እርስ በርስ ተሰማሙ የሚል ቃል። ጸጥታ ደግሞ ዝምታ ነው፤ አማርኛ የአገር ደኅንነትን በሰላማዊ ዝምታ ይሰፍራል። ካፋ ላይ ያ ዝምታ እ.ኤ.አ. በ1897 ተሰበረ። የአፄ ምኒልክ የጦር አዛዥ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር፣ ከእሱም ጋር የጅማው አባ ጅፋር ሠራዊት፣ ጎጀብን ተሻገረ። ሚክሬቾ በሚባሉት ሰባት አማካሪዎች ምክር ይገዛ የነበረው የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሻሮቾ ከወራት ትግል በኋላ ተማረከ። አባ ጅፋር ቀድሞ ለምኒልክ ገብሮ ስለነበር ዙፋኑን እስከ ሞቱ፣ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጠበቀ። ጎረቤት የጎረቤቱን ኬላ ባለፈበት ዘመቻ የአንዱ መንግሥት ፈረሰ፣ የሌላው ቆየ።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ ጎጀብም ዛሬም የወሰን ስም አለው። ክልል የመጣው ከለለ፣ ዙሪያውን ከበበ፣ ከሚለው ነው። ከዚያው ሥር ለስደተኛ የሚሰጥ ከለላና በንጉሥ ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል ወጥተዋል። የሁለቱ ክልሎች ሹማምንት ስለ ግጦሽ፣ ስለ ወሰንና ስለ ጸጥታ ሲገናኙ ራሳቸውን አጎራባች ይላሉ። አጎራባችና ጎረቤት ሁለቱም ጎር ከሚለው የግዕዝ ቃል ናቸው፤ ጎረቤት ጎርና ቤት ነው። ዐረብኛ ጎረቤትን ጃር ይለዋል። በዕብራይስጥ የዚሁ ቃል ዘመድ ጌር ነው፤ እሱ ግን በሰው አገር የሚኖረውን መጻተኛ ይጠራል።